ከበሩ በአርባ እርምጃ

ሟቹ ሆስፒታል የደረሰው በእንቁላል መኪና ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተሯ ወደ ድንገተኛ ክፍሉ ግቢ ስትገባ፣ እንቁላል የጫነችው ትንሽ የጭነት መኪና የጋቢናዋ በር እንደተበረገደ አምቡላንስ ማቆሚያው ላይ ቆማለች፤ ሾፌሩ ደም የነካውን እጅጌውን ጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ሐኪሙ አንሶላውን እስከ ሟቹ ግንባር ስቦታል። ሟቹ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ትከሻው ሰፊ፣ መዳፉ የሻከረ ሰው ነበር። ደረቱ ውስጥ ለውስጥ ደቅቋል፤ ከአፉ ከወጣችው ጥቂት ደም በቀር ግን ላዩ ላይ ይህ ነው የሚባል ቁስል የለበትም።

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «እንዝርት» ይሏታል፤ አንድ ቦታ አትረጋም። ወንበሯ ሙቀት አያውቅም፤ ሻይዋን ቢሮ ቆማ ጀምራ ኮሪደር ላይ ነው የምትጨርሰው። የዚያን ቀን ግን ጉዳዩ የሚያሾራት አይመስልም ነበር። ሟቹ የሚሠራበት የካርቶን ፋብሪካ ዘበኛ ለትራፊክ ፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል፤ እንቁላል የጫነች መኪና የፋብሪካውን የመጋዘን ኃላፊ ከበሩ ወጣ እንዳለ ገጨችው ብሏል። ምስክር አለ፣ መኪና አለ፣ ደም አለ።

ሾፌሩ የበኩሉን ሦስት ጊዜ ተናገረ፤ ሦስቱም ጊዜ ቃሉ አልተዛነፈም። ከፋብሪካው በር አለፍ ብሎ ሰው መንገድ ዳር ወድቆ አየ፤ ቆመ፤ ከዘበኛው ጋር ተጋግዘው ጋቢና አስገቡት። ሰውየው እየሄዱ ሳለ ክንዱን ጨብጦ «ልጆቹን አደራ» አለው፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም።

«ገጭቼው ቢሆን ምን ያቆመኛል?» አላት።

እንዲህ የሚሉ ገጪዎች አጋጥመዋታል። ካቴናውን በገዛ እጇ አጠለቀችለት። አልታገላትም፤ እጁን አየ፣ እሷን አየና አንድ ነገር ብቻ ለመነ። የሟቹ ልጆች እንዲፈለጉለት ፈለገ፤ አደራ አለብኝ አለ። ያ አስተያየቱ እስከ ጣቢያ ድረስ ከኋላዋ ተከትሏት መጣ።

ጣቢያ ስትደርስ የሾፌሩ ታላቅ እህት ቀድማት አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ዶሮ አርቢ ናት፤ መኪናዋም እንቁላሉም የእሷ ነው፤ ወንድሟንም እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ቅስሟ ቢሰበርም ምላሷ አልተሰበረም።

«እህቴ፣ አንዱን እንኳ ስጪኝ» አለቻት። «ወይ ወንድሜን፣ ወይ እንቁላሉን። ሁለቱም ታሽገው ሲቆዩ ይበላሻሉ።»

በረኛው ፖሊስ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ወንድሟ ሰው ገድሏል ከተባለ የሚሄድበትን ታውቃለች፤ ከዚያ የሚመለስበትን ዓመት ግን ማንም አልነገራትም።

ኮማንደሩ ችኩል ሰው ነው። ከወንበሩ ጀርባ የወሩ ሰንጠረዥ ተሰቅሏል፤ የተዘጋ መዝገብ በአንድ በኩል፣ ያልተዘጋው በሌላ በኩል፣ ከግርጌ ደግሞ በመኪና አደጋ የሞተ ሰው ብዛት። የሾፌሩ መዝገብ በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቶ ለዐቃቤ ሕግ እንዲላክ አዘዘ። ኢንስፔክተሯም እሺ ብላ ነበር፤ የሟቹ ሚስት የባሏን ልብስ ልትረከብ ባትመጣ ኖሮ።

ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። እንባዋን ውጣ፣ ጃኬቱንና ሱሪውን በጣቶቿ እየዳሰሰች ከከረጢቱ አወጣች። ጫማው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ይሄ የእሱ አይደለም» አለች። «የእሱ ቁጥር አርባ ነው። ይሄ አርባ አራት ነው፤ ሁለቱንም እግሩን አንድ ላይ ያስገባል።»

ኢንስፔክተሯ ወዲያው ለሆስፒታሉ ደወለች። ነርሷ ጫማውን ከራሱ ከሟቹ እግር ላይ እንዳወለቀች፣ ያን ቀን ሌላ ጫማም እጇ እንዳልገባ ነገረቻት። ስልኩን ስትዘጋ ስለ ልጆቹ ጠየቀች። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት። ልጅ የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም።

ኮማንደሩ ይህን ሲሰማ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ልጅ የሌለው ሰው ‹ልጆቹን አደራ› ብሎ ሞተ? ሾፌርሽ መዋሸት እንኳ አያውቅበትም። ዝጊው።»

መዝጋት ቀላል ነበር። ጫማው ግን አላስቀምጥ አላት። በአራት ቁጥር የሚበልጠውን ጫማ አድርጎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም፤ ሾፌሩ ቀጣፊ ቢሆን እንኳ ለገጨው ሰው ጫማ አይቀይርለትም።

በማግሥቱ ጠዋት በመጀመሪያ የተያዘችውን መኪና አስከፈተች። ከሾፌሩ እህት ጋር ሆነው እንቁላሉን ቆጠሩት። ከሁለት ሺህ ከሚበልጠው ውስጥ የተሰነጠቀው አራት ነው። ሰው ገጭቶ ድንገት ፍሬን የያዘ መኪና የሚያደርሰው እንቁላል ሳይሆን ፍርፍር ነበር። የሾፌሩ እህት አራቱን አንስታ ለብቻ አስቀመጠችና፣ በአራት እንቁላል ወንድሜን ካስፈታሁ ዶሮዎቹን እስኪያረጁ ነው የምጦራቸው አለች።

ከዚያ ከሳጅኑ ጋር ወደ ስፍራው ሄደች። ሳጅኑ ሠላሳ ዓመት በትራፊክ ያገለገለ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው ሽማግሌ ነው፤ ሲራመድ ሰዓት የቆመ ይመስላል። እሷ ከፋብሪካው በር ሟቹ የወደቀበትን እስከሚያሳየው የኖራ ምልክት ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ቆጥራ ስትጨርስ እሱ ከመኪና እየወረደ ነበር። አርባ እርምጃ ነው። ሟቹ ከወደቀበት አምስት እርምጃ ቀደም ብሎ ደግሞ አዲስ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተሠርቷል፤ አጠገቡ «አደገኛ ቦታ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። እንቁላል የጫነ ሰው ያን ጉብታ የሚያልፈው በጥፍሩ ቆሞ ነው። የጎማ ጭረትም የለም።

«ማነው እዚህ ጉብታ ያሠራው?» ብላ ጠየቀች።

ሳጅኑ ላቡን ጠረገ። የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ የከተማውን መንገዶች መዝኖ፣ ከሁሉ የባሰው ይህ ቦታ ሆኖ ስለተገኘ ከሦስት ወር በፊት እንደተሠራ ነገራት። ይህች ቦታ ሰው ትበላለች አለ። ኢንስፔክተሯ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየች። መንገዱ ገመድ የተወጠረ ያህል ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፍ የለ፣ መታጠፊያ የለ፣ የሚሮጥ ተማሪ የለ። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ሰዎቹ ምን ነክቷቸው ነው የሚገጩት? ሳጅኑ ትከሻውን ሰበቀ። የአደጋዎቹን መዝገብ በሙሉ አምጡልኝ አለችው፤ እሱም ዛሬ ነው ወይስ ነገ ብሎ ጠየቃት። ዛሬ፣ ከሰዓት በፊት አለችው።

ዘበኛው ቃሉን ሲደግም እንደ በቀቀን ነበር፤ አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት አልቀነሰም። በሩ ላይ ካለው የጥበቃ ዳስ ሆኖ እንዳየ ነገራት። ገብታ የእሱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የሚታየው የበሩ ዓምድና የአንድ ማስታወቂያ ጀርባ ነው። ለካ ወጣ ብዬ ነበር አለ ዘበኛው፤ ለምን ወጣህ ስትለው ደግሞ አየር ለመቀበል አለ። ግንባሩ ግን ያን ጊዜም አየር የሚያስፈልገው ይመስል ነበር።

ሥራ አስኪያጁ በሐዘን ድምፅ ተቀበላትና ወደ ስጋትና ደኅንነት ክፍል ኃላፊዋ መራት። ኃላፊዋ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጠረጴዛዋ ንጹሕ፣ እርሳሶቿ የተቀረጹ። ግድግዳዋ ላይ ያለው ሰንጠረዥ በፋብሪካው ሊደርሱ የሚችሉ ስልሳ አራት አደጋዎችን በተራ ይዟል፤ ከሁለት ቢጫዎች በቀር ሁሉም አረንጓዴ ነው። ኢንስፔክተሯ ቀለሙ እንዴት እንደሚወሰን ጠየቀች። ሴትየዋ በደስታ አስረዳቻት። አንድ አደጋ ስንት ጊዜ እንደደረሰና ምን ያህል እንደጎዳ ከመዝገብ ይታያል፤ ያልደረሰ ነገር አረንጓዴ ነው፤ ሰው የጎዳ ቀይ ይሆናል። ቀይ የሆነ ክፍል ምርመራው እስኪያልቅ ይዘጋል፤ የቀን ሠራተኞቹም ይሰናበታሉ።

«ቀይ ሆኖ የሚያውቅ አለ?»

«እኔ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ነው» አለች ኃላፊዋ፤ ኩራቷን መደበቅ አልቻለችም። «አንድም ጉዳት በግቢያችን አልተመዘገበም።»

የሟቹ የሰዓት ካርድ መጣ። የወጣው ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ እንደተጻፈው ራሱን አሞት ራሱ ለራሱ ፈቃድ ሰጥቶ። ሾፌሩ ያገኘው ደግሞ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነው። ኢንስፔክተሯ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መንጎራደድ ጀመረች። ለአርባ እርምጃ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ሳጅኑ እንኳ በዚያ ጊዜ ከተማ ያቋርጣል።

መጋዘኑ ከፍ ያለ፣ ቡናማ የወረቀት ብናኝ የሚንሳፈፍበት አዳራሽ ነው። እያንዳንዱ አንድ ቶን የሚመዝን ጥቅል ወረቀት እንደ ግንድ በጎኑ ተጋድሞ፣ በላዩ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ ተደርድሯል። የታችኛው ጥቅል እንዳይንከባለል ከሥሩ ታኮ ይገባል፤ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረገው ዓይነት እንጨት ነው። ስምንት ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ቆመው ነበር። ሟቹን «ጋሽ ታኮ» ይሉት እንደነበር አንዱ ነገራት፤ ዘወትር ታኮ አነሰ፣ ታኮ ይገዛልኝ እያለ ስለሚጨቀጭቅ። ይህን ሲናገር ማንም አልሳቀም፤ ዓይናቸውም ከወለሉ አልተነሳም።

የልብስ ሳጥኖቻቸውን አስከፈተች። በሟቹ ሳጥን ውስጥ ቁጥር አርባ ጫማ ተቀምጧል። በሰባቱ ሳጥኖች የሰባቱ ሰዎች የመንገድ ጫማ አለ። የጥቅል ማንሻው ፎርክሊፍት ነጂ ሳጥን ግን ከሟቹ ጎን ሆኖ ባዶ ነው፤ የሥራ ጫማውን እንዳደረገ ነው ከቤቱ የመጣው። ሰውየው «ረጅሙ» ይባላል፤ ቁመቱ ከበሩ መቃን ጋር ይጣላል፣ እግሩም እንደ ቁመቱ ነው።

ኢንስፔክተሯ እግሩን በዓይኗ ለካችው። የስጋት ክፍል ኃላፊዋም ሹክ አለቻት፤ ረጅሙና ሟቹ ከሦስት ቀን በፊት ሰው ሁሉ እየሰማ ተጣልተዋል። በምን ተጣሉ ስትላት አላውቅም አለች። ረጅሙን ወደ ትንሽ ክፍል ወስዳ ከበር እስከ መስኮት እየተመላለሰች ጠየቀችው። ጫማው የእሱ መሆኑን አልካደም። እንዴት ሟቹ እግር ላይ እንደገባ ስትጠይቀው ግን ከንፈሩን ነከሰ።

«አልገደልኩትም» አለ። ከዚያ በላይ በጉጠትም አይወጣ።

ይህን ጊዜ ሐኪሙ ደወለ። የሟቹ እግሮች ምንም አልሆኑም፤ መኪና የገጨው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚሰበረው እግሩ ነው። ደረቱን የተጫነው ሰፊና ከባድ ነገር ነው። ፀጉሩ ውስጥ ቡናማ የወረቀት ብናኝ ተገኝቷል። የተጎዳውም ሆስፒታል ከመድረሱ አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ነው።

«ቶሎ ቢመጣ ይተርፍ ነበር?» አለችው።

«ከግማሽ ሰዓት በፊት ቢሆን እኔ ተስፋ አልቆርጥም ነበር» አላት።

ስለዚህ ሰውየው የተጎዳው እዚሁ ነው። ረጅሙ ተጣልቶታል፣ በፎርክሊፍቱ ጥቅል ጥሎበታል፣ ከዚያ ልብሱን ቀይሮ አውጥቶ ጥሎታል፤ ነገሩ ልክ እንደ ጫማው ቁጥር ገጠመ። እጇ ወደ ካቴናዋ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ቆመ። ትናንትም እንዲሁ ምስክር፣ መኪናና ደም ገጥሞላት ነበር፤ የተሳሳተ ሰው እጅ ላይ ነው ያጠለቀችው። እፍረት ፊቷ ላይ እንደ ሙቀት ሲወጣ ተሰማት። ደግሞም አንድ ሰው ያን የሚያህል ትከሻ ብቻውን ተሸክሞ፣ ሰባት ሰው ሳያየው፣ በዘበኛ ፊት አያልፍም።

ሳጅኑ በሰዓቱ ደረሰ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። አሥራ አንድ መዝገቦች በብብቱ ይዟል። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ዘረጉት። ኢንስፔክተሯ ቆማ አነበበች።

አሥራ አንድ ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህ በር ውጭ ተገጭተዋል፤ ሁሉም ከአርባ እርምጃ አይርቁም። አሥራ አንዱም የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም ያለ ሰዓታቸው ከሥራ የወጡ፣ ሁሉንም የገጨው መኪና ያመለጠ፣ የአሥራ አንዱም ምስክር ያው ዘበኛ። አንደኛው የተጎዳው ሁለት ጣቱን ብቻ ነው።

«ሳጅን፣ ጣት ብቻ መርጦ የሚገጭ መኪና አይተው ያውቃሉ?» አለች።

ሳጅኑ ሰሌዳው ወዳለበት አቅጣጫ አየ። ጥናቱን የሠሩት ከእነዚህ መዝገቦች እንደሆነ፣ ጉብታው ሲሠራም እሱ ራሱ ቆሞ እንዳሠራ በዝግታ ነገራት። ከዚያ ጣቱን በአንድ ፊርማ ላይ አሳረፈ። ከአሥራ አንዱ በዘጠኙ ላይ ሁለተኛ ምስክር ሆኖ የፈረመው የመጋዘን ኃላፊው ነው። ጋሽ ታኮ ራሱ።

ኢንስፔክተሯ መዝገቦቹን ይዛ ወደ ክፍል ኃላፊዋ ሮጠች ማለት ይቻላል። ረጅሙንና ዘበኛውንም አስጠራች። መዝገቦቹን አንድ በአንድ በንጹሑ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ሴትየዋ ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ስሞቹን አወቀቻቸው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ዞራ ግድግዳዋን አየች።

«ቀይ የጠፋው የሚጎዳ ሰው ስለሌለ መስሎኝ ነበር» አለች።

ተነስታ ከመሳቢያ አንድ አቃፊ አወጣች። ሰባት የግዥ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሁሉም በሟቹ እጅ ተጽፈው ታኮ የሚለምኑ። በእያንዳንዱ ሥር ምላሹ በእሷ ፊርማ ተጽፏል፤ የጥቅል መንሸራተት ስጋት አረንጓዴ ስለሆነ ግዥው አልተፈቀደም። ሰውየው ታኮ ያጣው አደጋ ስላልተመዘገበ ነው፤ አደጋው ያልተመዘገበው ደግሞ ሰውየው ራሱ የተጎዱትን ከበር ያስወጣ ስለነበር ነው። ሴትየዋ ወረቀቶቹን ማስተካከል ጀመረች፤ ከዚያ እንደተዘበራረቁ ተወቻቸው።

ረጅሙ መናገር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሰው የተጎዳ ጊዜ ክፍሉ ሊዘጋ፣ የቀን ሠራተኞቹ ሊበተኑ ነበር። ጋሽ ታኮ ማንም ሥራውን እንዲያጣ አልፈለገም። የተጎዳውን ልብሱን ለውጠው፣ ካርዱን መትተው፣ መንገዱ ጭር ሲል አወጡት፤ ዘበኛው አምቡላንስ ጠራ። ተሳካ። ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ፤ ማን ቱታ እንደሚያወልቅ፣ ማን ካርድ እንደሚመታ፣ ማን በር እንደሚያይ ሁሉም ተራውን ያውቃል። ከሦስት ቀን በፊት ጥቅሉ ሲወዛወዝ ያየው ረጅሙ፣ በቃ ይጻፍ፣ ካልተጻፈ ታኮ አይመጣም ብሎ ጮኸ። ጋሽ ታኮም፣ ከተጻፈ ልጆቹ ይበተናሉ ብሎ መልሶ ጮኸ። ጥሉ ይኸው ነበር።

«ትናንት ጥቅሉ ተንከባሎ ሲመጣ እኔን ገፍቶ እሱ ሥር ቀረ» አለ ረጅሙ። «በፎርክሊፍት አነሳንለት። ይናገር ነበር እኮ። አምቡላንስ ልንጠራ ስልክ ስናወጣ ‹መጀመሪያ ውጭ› አለን። ‹እንደምናደርገው አድርጉ› አለን። እሺ አልነው። በሩ ላይ ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ነበር፤ እስኪሄድ ሳሩ ላይ አስተኝተን ጠበቅን። ጫማውን ያጠለቅሁለት እኔ ነኝ። የማንን ጫማ እንደያዝኩ አላየሁም።»

ከዚያ ያ ቁመት ሁሉ ወንበር ላይ ታጠፈ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተነቃነቀም፤ እንዝርት እንኳ ቆማለች።

ወደ ዘበኛው ዞረች። ያልገጨን ሰው ለምን ገጨ እንዳለ ጠየቀችው። ዘበኛው ኮፍያውን በሁለት እጁ ያሽ ነበር።

«ሁልጊዜ የምንለው ‹ገጭቶ አመለጠ› ነው» አለ። «የሚቆም መኪና ኖሮ አያውቅም። ይሄኛው ቆመ። ትራፊኮቹ ሲጠይቁኝ አመለጠ እንዳልል ሰውየውን ጭኖ ሄዷል። ሌላ የምለው አጣሁ።»

«አንተ አብረኸው አንስተህ ጭነሃል» አለችው። «ፊቱን አይተኸዋል።»

«አይቼዋለሁ» አለ ዘበኛው፤ አለቀሰም።

ልትወጣ ስትል አንድ ነገር ቀረባት። ጋሽ ታኮ ልጆቹ ይል የነበረው ማንን እንደሆነ ረጅሙን ጠየቀችው። ረጅሙ በመስኮቱ ወደ መጋዘኑ በር አመለከታት። ሰባቱ ሰዎች እዚያ ተጠጋግተው ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ኮማንደሩ ሁሉንም ቆሞ ሰማ፤ መጨረሻ ላይ ፊቱ በራ። ታዲያ የመኪና አደጋ አይደለማ፣ ከእኛ ሰንጠረዥ ወጣ ማለት ነው ብሎ እርሳስ አነሳ። ከግርጌው ቁጥር ላይ አንድ ሲቀንስ ኢንስፔክተሯ ተመለከተችው።

«እኛም ከበር አወጣነው ማለት ነው» አለችው።

ምን ማለትሽ ነው አላት። አሥራ አንዱን መዝገቦች ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት፤ እነዚህም ታርመው አደጋው ወደደረሰበት ወደ ፋብሪካው ይመለሳሉ፣ የዘበኛውና የስምንቱ ሠራተኞች ቃል ተያይዟል፣ የሥራ አስኪያጁም ነገ ይቀጥላል አለችው። የሁለት ዓመት ሪፖርት እኮ ይበላሻል ብሎ ተቆጣ። የተበላሸው ሲጻፍ ነው ብላው ወጣች። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ነበር፤ መዝገቡ እንዲዘጋ የተባለው አሥራ አንድ ላይ ስለሆነ ቀድማ ጨርሳለች።

ካቴናውን ባጠለቀችበት እጇ የእስር ክፍሉን በር ከፈተች። ይቅርታ አድርግልኝ አለችው፤ ይህን ቃል በሥራዋ ያለችባቸው ቀኖች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ሾፌሩ አንገቱን ነቀነቀ። እህቱ ጉንጩን በመዳፏ ነክታ ከሳህ አለችው፤ የታሰረው አንድ ቀን ነው።

«ልጆቹ ተገኙ?» ብሎ ጠየቀ።

ኢንስፔክተሯ ተገኝተዋል አለችው።

ሦስቱ በእንቁላሉ መኪና ጋቢና ተጨናንቀው ሄዱ። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ እንደ ልማዱ በጥፍሩ አለፈውና በኖራው ምልክት ላይ አቆመ። የፋብሪካው በር ክፍት ነበር። የስጋት ክፍል ኃላፊዋ ሰንጠረዧን ከግድግዳው አንስታ ዳሱ ላይ ለጥፋዋለች፤ የጥቅሎቹ መስመር በቀይ ተቀብቷል። ከሥሩ በእጅ የተጻፈ አዲስ መስመር አለ፤ ክፍሉ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ግን አይሰናበትም፣ ታኮ ይሠራል ይላል። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሊገነጥለው እንደሞከረ፣ እሷም ሁለት ጊዜ መልሳ እንደለጠፈችው በኋላ ሰሙ። ኮሮጆዋን አንግባ እዚያው ሰንጠረዡ ሥር ቆማ ነበር።

ስምንቱ ሠራተኞች ሾፌሩን ሲያዩ አወቁት። ማንነቱን ማንም አልነገራቸውም። ረጅሙ አሁንም የሥራ ጫማውን ነው ያደረገው። ሾፌሩ ከፊታቸው ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰውዬው መንገድ ላይ አደራ ሰጥተውኝ ነበር» አለ። «‹ልጆቹን አደራ› ነው ያሉት። ለማን እንደማደርስ ስላላወቅሁ ነው የዘገየሁት። እናንተ ናችሁ አሉኝ።»

ረጅሙ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ ከዚያ በላይ ግን እግሩ እምቢ አለው፤ እጁን ዘርግቶ ቀረ። ሾፌሩ ቀረብ ብሎ እጁን ጨበጠውና ወደ መኪናው ተመለሰ።

ኢንስፔክተሯ ተከተለችው። ከትናንት ጀምሮ አላስቀምጥ ያላት አንድ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ትፈራዋለች።

«ሌላ ጊዜ ሰው ወድቆ ብታይ ትቆማለህ?» አለችው።

ሾፌሩ የጋቢናውን በር ይዞ አሰበ። ከዚያ መኪናውን አየ፣ ጉብታውን አየ፣ ጎማው ሥር ያለውን የኖራ ምልክት አየ።

«አሁንስ የት ነው የቆምኩት?» አላት።